የእናቷ ካርድ

ልጅቷ የእናቷን ፎቶ ካርዶቿ ከተለጠፉበት ደብተር ላይ አላቃ በመምህርቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። ደንቡ ይኸው ነበር፤ አፏ ቃል ስለማያወጣ የምትፈልገውን ነገር ካርድ ትሰጣለች፣ ነገሩም ወዲያው ይመጣላታል። መምህርቷ ይህን ለማስተማር ዓመት ሙሉ ለፍታለች። የሙዙን ካርድ ተቀብላ ሙዝ፣ የኳሱን ተቀብላ ኳስ ሳትሰጣት የቀረችበት ቀን የለም።

እናትየው እሑድ ዕለት በቦምቤ ከተማ ተቀብራለች። ልጅቷን ያመጣቻት አክስቷ አጠገባቸው ቆማ፣ "ቲቸር፣ ቤትም ይህንኑ ፎቶ እየሰጠችን ነው የሰነበተችው" አለች። "እኛ እንዴት አድርገን እንንገራት? ቋንቋዋን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

መምህርቷ ለሞት የሚሆን ካርድ አልሠራችም። ፎቶውን ወደ ደብተሩ ልትመልሰው ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት። ከዚያም የውሃውን ካርድ አላቃ ፎቶው ላይ ደረበችው። የሙዙን ደረበች፣ የኳሱን፣ የሽንት ቤቱን። ደብተሩ ላይ አንድም ካርድ ሳይቀር ሲያልቅ፣ የመምህርቷን መዳፍ በሁለት እጇ አጥፋ ዘጋችውና በሩን በሩን ታይ ጀመር።