የካሰች ዘጠነኛ ቀን

ሾፌሩ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ማሬ በትምህርት ቤቱ የብረት በር ቀዳዳ የተቀበለውን ወረቀት ያነባል። ወረቀቱ ደረጄ አሁኑኑ ይለቀቅ ይላል። የፈረመው የወረዳው ኃላፊ የደረጄ ታላቅ ወንድም ነው።

«አንተ ዘበኛ፣ ማንበብ አትችልም እንዴ?» ይላል ሾፌሩ ከውጭ።

«ማንበቡንስ እችላለሁ። ያቃተኝ ማመኑ ነው።»

ከአረብ አገር የተመለሱት ሃያ ሦስት ወጣቶች ለይቶ ማቆያ ወደሆነው ወደዚህ ትምህርት ቤት ከገቡ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ለኮሮና የተወሰነው አሥራ አራት ቀን ነው። ሁሉም የመጡት በአንድ አውቶቡስ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው። በሽታው የሹም ወንድም ሲያይ ዘሎ የሚያልፍ ይመስል፣ ደረጄ ሻንጣውን አንግቶ በሩ ሥር ቆሟል።

ከመካከላቸው ካሰች ግን ጠዋት ለመውጣት ጠይቃ ተከልክላለች። አባቷ ትናንት ጋፋት ላይ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመት አላየቻቸውም። «ሕግ ነው» አላት ኃላፊው በስልክ። ይኸው ኃላፊ ባለፈው እሑድ ድንኳን ጥሎ፣ ሦስት መቶ ሰው ጠርቶ ልጁን ድሯል። ዘፈኑ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወሬው ክፍል ለክፍል ይዳረሳል፤ ሁሉም ወደ ግቢው ይወጣሉ።

«ለእኛ ሲሆን ወረርሽኝ፣ ለእነሱ ሲሆን ጉንፋን!» ትላለች ከተመላሾቹ አንዷ ትርንጎ። «እኛስ የማን ልጆች ነን?»

የማሬ ደም ይፈላል። ቁልፉን ይከትና በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል።

«ካሰች! ነይ ውጪ! እሱ ከወጣ አንቺም ትወጫለሽ። ይህ መኪና አንቺን ጋፋት ሳያደርስ የትም አይሄድም። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ!»

ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል።

ካሰች ትመጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ዓይኗ አብጧል። ከበሩ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆማ መንገዱን ረጅም ጊዜ ታያለች።

«ጋሼ ማሬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ አስም አለባት። ከሄድኩ አንገቷ ላይ ሳልጠመጠም አልመለስም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አባቴን ልቅበር ብዬ እናቴን ልግደላት?»

«እና ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«ይዝጉት። ግን ለሁላችንም ይዝጉት።»

ደረጄ አንገቱን ይደፋል። አይወጣም፤ አይመለስምም።

ማሬ በሩን ይዘጋል፤ ቁልፉን ሁለቴ ያዞራል። ወረቀቱን አጥፎ በቀዳዳው ለሾፌሩ ይመልሰዋል።

«ለኃላፊው ንገራቸው። ወንድማቸው አምስት ቀን ይቀረዋል።»

ካሰች ወደ ግቢው ኳስ ሜዳ መሃል ትሄዳለች። ፊቷን ወደ ጋፋት አዙራ ደረቷን ትመታለች። «አባዬ! የኔ አባት!» ሴቶቹ ሊያቅፏት ይሮጣሉ፤ እጇን ዘርግታ ታቆማቸዋለች።

ትርንጎ ካለችበት ሳትጠጋ ማልቀስ ትጀምራለች። ሌላዋ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ትቆማለች፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። መጨረሻ ላይ ሻንጣ ያነገተ ወንድ ክቡ ውስጥ ይገባል። እየተራራቁ ስለቆሙ ክቡ ከአንዱ ግብ እስከ ሌላው ግብ ይሰፋል። ሃያ ሦስት ሰው ሜዳውን ሞልቶ፣ አገር በሙሉ የወጣበት ለቅሶ ያክላል።