አምሃ የሚሠራው ከተማ

«የአምሃ ሕንፃ አሁን ስንት ፎቅ ደረሰ?» ይሉኛል እማማ አይናዲስ፣ ቂንጬውን ከፊቴ እያስቀመጡ።

«ዐርባ!» እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዐሥራ ሁለት ነበር።

ልጃቸው አምሃ አላስካ፣ ፌርባንክስ ውስጥ ሕንፃ ይሠራል። ይሠራ ነበር። ትናንት ከሥራው ላይ ወድቆ ሞተ። ከእናቱ በቀር እዚህ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ያለው አበሻ በሙሉ ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎቹና ቄሱ ታች ፓርኪንጉ ላይ ሆነው ልዩ የምትባለው እህቱ ከዴንተን ከተማ እስክትደርስ ይጠብቃሉ። ስትደርስ ወገቤ ላይ ባለችው መጥሪያ፣ በፔጀሬ ይጠሩኛል።

እስከዚያ እሳቸውን መያዝ የእኔ ፋንታ ሆነ። ሌሊት ታክሲ ነድቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስ የምበላው እዚህ ስለሆነ አይጠረጥሩም። ደግሞም አንዱ ሽማግሌ፣ «አንተ ትዋሻለህ፣ እኛ አንችልበትም» አሉ። ዕድሜ ልኬን የተሰደብኩበት ውሸት ሥራ ያገኘው ዛሬ ነው።

ገና ስገባ የስልኩን ገመድ በእግሬ ነቅያለሁ።

«እዚያ አገር መኪናን ሲያሳድሩ እንደ ፍሪጅ ሶኬት ላይ ይሰኩታል» እላለሁ።

«ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!» ይስቃሉ።

ይቺ እውነት ነበረች፤ አምሃ ነው የነገረኝ።

«ቤቱም እግር አለው። መሬቱ እስከ ታች በረዶ ነው፣ እንደ ብረት። ቤቱ ካሞቀው ቀልጦ ይውጠዋል። ሶ፣ እንደ ጎተራ ከፍ አድርገው ያቆሙታል።»

«ታዲያ ሰው ይኖርበታል?»

«ምን ነካዎት! ቴክሳስ በሙቀት ስትነድ ዓለም በሙሉ ወደዚያ ነው የሚተመው። ሃያ ዓመት ይስጡት፣ ዳላስ የፌርባንክስ ሰፈር ትሆናለች። ከተማውን እንዳለ በመስታወት ሊከድኑት ነው። ውስጡ ቲማቲም! ሙዝ! አምሃ ለእርስዎ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ይዟል። መድኃኔዓለምም ተተክሏል፤ ጉልላቱን አምሃ ራሱ ወጥቶ ነው የሰቀለው።»

«ወጥቶ» ስል ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እማማ አይናዲስ ሳቃቸውን ትተው ሳህኔን ያያሉ። ሁለቴ የማስጨምር ሰውዬ፣ ማንኪያዬ እንደተተከለ ነው።

«ቤተክርስቲያን ካለ መቃብርም አለው» ይላሉ ቀስ ብለው።

«አ... አለው እንጂ።»

«መሬቱ ብረት ነው አላልክም? በምን ይቆፍሩታል?»

ዐርባ ፎቅ ያቆምኩ ሰው አንድ ጉድጓድ አጣሁ። ፔጀሬ ወገቤ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ተናገር እንጂ ሞገስ። እስኪሞቅ ያቆዩታል?»

ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል፤ የሚያወራ ግን የለም። እማማ አይናዲስ ነጠላቸውን አውርደው፣ ዘቅዝቀው ይለብሳሉ። ከዚያ ቂንጬዬን ያነሡና፣ እንዳይቀዘቅዝ፣ በሌላ ሳህን ይከድኑታል።