ግማሽ ሹሩባ

የግራው ጎን ተሠርቶ እንዳለቀ፣ ጥግ ላይ የተኛው ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። ሲሳይነሽ እጇን ከሹሩባው ላይ አነሳች። ከመስታወቱ ፊት የተቀመጠችው የባሏ ታላቅ እህት ማንኩሳ ከተማ ሠርግ ተጠርታ፣ ያላትን ወርቅ ሁሉ አንገቷ ላይ ደርድራለች።

“ይኸውልሽ! የልጅ እናት አርፋ ቤቷ ነው የምትቀመጥ” አለች። “ይህን ጎሬ ሱቅ ብለሽ ከፍተሽ! ተይው ያልቅስ፤ መጀመሪያ የኔን ጨርሽ።”

ሲሳይነሽ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየቻት። ሱቁ ሲከፈት “ወር አይሞላውም” ብላ ለቡሬ ሰው ሁሉ ያወራች እሷ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ዘመድ ነኝ ብላ በነጻ ልትሠራ መጥታለች። ሚዶውን አስቀመጠች። ልጇን አንስታ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና ጡቷን አጎረሰችው።

“ምን ማለትሽ ነው? መኪናው ሊሄድብኝ እኮ ነው!”

“እንዳሉኝ አርፌ መቀመጤ ነው፣ እትዬ።”

ውጭ ረዳቱ “ማንኩሳ! የሞላ ማንኩሳ!” እያለ ይጮኽ ነበር። ሴትዮዋ ብድግ አለችና መስታወቱን አየች፤ ያልተሠራው ግማሽ ጠጉሯ እንደ ጭድ ክምር ቆሟል። ተመልሳ ተቀመጠች።

ሲሳይነሽ ልጇን ቀስ ብላ ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።