ቤት ለእንግዳ

መካነ ሰላም ባለው ቤተ ሙከራ የሚረቡት አይጦች ሥጋቸው በሰማያዊ መብራት ሥር አረንጓዴ ያበራል፤ ሲወለዱም እንደዚያው ናቸው። ሐረግ ካንሰር እንዴት እንደሚያድግ ለማየት ከማያበራ አይጥ የተወሰደ የዕጢ ቁራጭ በመርፌ ከቆዳቸው ሥር ትተክላለች። ባለቤቱ ሥጋ ያበራል፣ እንግዳው ዕጢ በመሀል ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ባልደረባዋ ረመዳን መርፌው በገባ ቁጥር እንግዳ እንደሚቀበል አባወራ ጎንበስ ብሎ «ቤት ለእንግዳ!» ይላል። እሷም ሁሌ ትስቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ከላላ የሚመለሱ ገበያተኞች የበቅሎ ኮቴ በመስኮቱ ሥር እየተሰማ፣ ሐረግ ከረመዳን ጋር ሆና መጋረጃውን ዘግታ ሰማያዊውን መብራት አበራች። አንዷን አይጥ ልትይዝ ስትል ጓንቷ ተቀደደና አውልቃ ጣለችው።

እጇ አረንጓዴ አበራ።

ከአይጦቹ የነካት ነገር መሰላት። በሳሙና ታጠበች፣ በአልኮል ፈተገችው። መልሳ ብትዘረጋው ብርሃኑ ከቆዳዋ ውስጥ ነው የሚመጣው።

«ረመዳን፣ በአላህ፣ እጅህን እዚህ አድርገው።»

አደረገው። የእሱ እጅ ጨለማ ነበር።

«ምን ነክተሽ ነው?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ሐረግ እጅጌዋን ሰበሰበች። ብርሃኑ ክንዷን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከክርኗ በታች ግን ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች፤ ቀጫጭን አረንጓዴ የደም ሥሮች ዙሪያዋን ከበዋታል።

ረመዳንም ነጥቧን አየ። ከልማድ ብዛት «ቤት ለ…» አለና አፉን በሁለት እጁ ያዘ።