ለሌታ የመጣ ዌፈር

የእስር ቤቱ ዘበኛ ረጋሳ ሦስተኛውን ዌፈር በአውራ ጣቱ ጥፍር ይገነጥለዋል። ስሱ ብስኩት ለሁለት ሲከፈል መሃል ያለውን ነጭ የቫኒላ ክሬም ፈቅ አድርጎ ያያል። የተደበቀ ደብዳቤ የለም። ስብርባሪውን እሽጉ ላይ መልሶ አራተኛውን ያነሳል።

ፋንቱ ቆማ ታየዋለች። ባሏ ሌታ አምቦ ላይ ከሚያስተምርበት ክፍል ተወስዶ ከታሰረ ሰባት ወሩ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ስንቅ ይዛ እዚህ በር ላይ ያልቆመችበት ቀን የለም። ከሰኞ ወዲህ ግን ሳህኑ እንደሞላ ይመለስላታል።

ትናንት "ታሟል። አፉ ቆስሎ እንጀራ አልወርድ ብሎታል" አላት ረጋሳ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። ስንቅ ሲመለስ እስረኛው በሕይወት የለም ማለት ሊሆን እንደሚችል የማያውቅ ሰው ሰልፉ ላይ አልነበረም።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወደ አብዱልፈታህ ሱቅ ነው። መደርደሪያው ላይ ሳሙናና ክብሪት ብቻ ነበር። ችግሯን ስትነግረው ወደ ጓዳ ገባና ከመርካቶ ለልጁ ለሸምሲያ ያመጣላትን አንድ እሽግ ዌፈር ይዞ ወጣ።

"ምላሱ ላይ ሲደርስ ይሟሟል፤ ማኘክ የለበትም" አላት።

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷ ደህና ናት። ውሰጂ።"

አሁን እሽጉ ውስጥ አንድም ሙሉ ዌፈር አልቀረም።

"ኦቦ ረጋሳ" ትላለች ፋንቱ፣ "ያችን አንዷን እንኳ ቢተዉለት ምን ነበረበት?"

"ትእዛዝ ነው፣ እቴ።" የረጋሳ ዓይኖች ቀልተዋል። የመጨረሻዋን ይገነጥላታል። "እኔስ ወድጄ መሰለሽ?"

"መብላቱን በዓይንዎ ይዩልኝ። ሌላ ሰው በልቷል ብሎ እንዳይነግርዎ። ራስዎ ይዩልኝ።"

እሽጉን አጣጥፎ ይገባና በሩን ከኋላው ይዘጋዋል።

ከኋላዋ የተሰለፈችው ሽፋ ለወንድሟ ለከድሮ የቋጠረችውን ምሳ ከእጅ ወደ እጅ ታዘዋውራለች። ሁለቱ ለወራት አንድ ሰልፍ ላይ ቆመዋል፤ ከስምና ከሰላምታ በቀር ግን ብዙ ተነጋግረው አያውቁም። አሁንም ሽፋ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች። ፋንቱ የሚመጣባትን ለማሰብ እንኳ አቅም የላትም። እግሯን ትቀያይራለች፣ በሩን ታያለች።

በሩ ይከፈታል። ረጋሳ ባዶ እጁን ነው። ወደ ግቢው ዞር ብሎ አለቃው አለመኖሩን ያረጋግጥና ጠጋ ይላታል።

"ታኤ ኛቴ" ይላታል፣ በዝግታ፣ በእናቷ ቋንቋ በኦሮምኛ።

"ተቀምጦ በላ?"

"ተቀምጦ። ግድግዳ ተደግፎ። ትናንት ቀና ማለትም አልቻለም ነበር።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰልፉ እንዲሰማ፣ "ነገ ወተት ይዘሽ ነይ! ለበሽተኛ ይፈቀዳል!"

ከሰኞ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ የከረመችውን ፋንቱን ሽፋ ብብቷን ይዛ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ታስቀምጣታለች፤ እሷም አጠገቧ ትቀመጣለች። ከጉደር የመጣ የጭነት መኪና አቧራውን አልብሷቸው ያልፋል። ፋንቱ ዓይኗን ለአቧራው ትጨፍናለች፣ መልሳ ግን መግለጥ አትችልም። ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ያዘነብላል፤ ሽፋ ትከሻ ላይ ያርፋል።

"የከድሮ ስንቅ!" ይላል ረጋሳ ከበሩ።

ፋንቱ በእንቅልፏ መሃል ትሰማዋለች። ራሷን ላንሳ ትላለች፤ አንገቷ አይታዘዛትም።

"ሌላ ሰው ያስቀድሙ" ትላለች ሽፋ፣ ቀስ ብላ፣ ትከሻዋን ሳታነቃንቅ።