እስከ አስፋልቱ

ረሺዳ በሩን ስትገፋ የምትናገረው ነገር ተሰናድቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሰልፈኞች መንገዱን በድንጋይና በጎማ ስለዘጉት ሀፍላ የሚሉት አነስተኛ አውቶቡስ አልነበረም፤ በቤት ሠራተኝነት ከምትውልበት ከአል-ጣኢፍ ሰፈር እስከ መኖሪያዋ ሶባ የኸሪፉ ክረምት ዝናብ ያቦካውን ጭቃ እየረገጠች በእግሯ ነው የመጣችው። መንገዱን ሁሉ ያንኑ ስትል ነበር፤ «እትዬ ዛሂራ፣ ቤቷ ለሁለት ጠበበች፤ ሌላ መጠጊያ ይፈልጉ።» እትዬ ዛሂራ የእናቷ አጎት ሚስት እህት ናቸው። ለሳምንት ብለው ከወሎ መጥተው ስምንት ወር ሆናቸው፤ አልጋዋ ደግሞ አንድ ናት።

አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። «መጣሽ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ረሺዳ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ስትል እግራቸውን አየች። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ከፊሉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከፊሉ ገና እርጥብ ነው።

«የት ሄደው ነው?»

«እስከ አስፋልቱ። ጎረቤቷ በእጇ ጠመንጃ ሠርታ፣ ተኩስ አለ ብላ አሳየችኝ። ሦስቴ ተመላለስሁ።»

«አረብኛ አያውቁ፤ ቢጠፉስ?»

«ስምሽን እየጠራሁ ነበራ።»

ረሺዳ የውሃውን ባልዲ ስባ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድ እግራቸውን አንስታ ጭቃውን በጣቶቿ ማስለቀቅ ያዘች። አንዱ ሲጸዳ ሁለተኛውን አነሳች።

«ነገ ሥራ ስሄድ» አለች ቀና ሳትል፣ «አስፋልቱ ድረስ አይውጡ። እዚሁ በር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ።»