ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናት

"ርገጪ..."

"ረገጥኩ።"

"ያዢው። እስክልሽ እንዳትለቂ።"

ሚስት የሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የፍሬኑን ፔዳል ወጥራ ይዛለች።

ባል ጎማው በተፈታበት በኩል መሬት ላይ ተንጋሎ፣ ከአዲሱ ፍሬን ውስጥ አየር እያስወጣ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት... ከቤታቸው ሥር ባለችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ።

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ ግን ስሙን ትቶ "ቱርቦ" ነው የሚለው።

ያቺን ቀይ የስፖርት መኪና ከገዛ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውማ።

አምስት ወር ሙሉ ሞተሯን በገዛ እጁ ፈታ፣ ገጠመ... ትልቅ ቱርቦ አስገባላት... ጉልበቷን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረው።

"ይሄን ጉልበት የድሮው ፍሬን አይችለውም" ብሎ ፍሬኑንም በትልቅ ቀየረው።

እስከዚህ ጥሩ ነበር።

ችግሩ፣ ለጓደኞቹ "ቅዳሜ አራት ሰዓት ቁልቁለቱ ሥር ጠብቁኝ" ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ስልካቸውን ደግነው ሊቀርጹት ይጠብቁታል።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል...

ሚስት ከመኪናው ወርዳ ጎንበስ አለች። የፍሬኑ ዘይት ወደ ጠርሙስ በሚወርድበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋ አሁንም ይታያል።

ነርስ ናት። ቱቦ ውስጥ ያለ አረፋ ከዓይኗ አያመልጥም።

"አየር አለው" አለችው። "ፔዳሉም እግሬ ሥር ይሰምጣል።"

"ትንሽ ናት። ስነዳት ትስተካከላለች።"

"እኔ ጉሉኮስ ስሰቅል ትንሽ ናት ብዬ አላውቅም።"

"ይሄ መኪና ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም!"

ጮኸባት። በትዳራቸው እንዲህ ጮኾባት አያውቅም።

ጎማውን መለሰ። ቡሎኖቹን አጠበቀ። መኪናዋን ከክሪኩ አወረደ።

"ሊፍት ቢሆን እንዲህ ሆኖ ሰው ታሳፍርበታለህ?" አለችው።

የጋራዡን በር ከፍቶ መሪው ጋ ገባ...

ሞተሩን ሲያስነሳው የጋራዡ ቆርቆሮ ተንዘረዘረ።

ከበሩ ውጪ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ታች አደባባይ አለ። ቅዳሜ ደግሞ ሰው ይበዛበታል።

ይሄኔ ነው አማቷ ከላይ ቤት ደረጃውን ይዘው የወረዱት። ቦርሳቸውን አንግተው... የክት ጫማቸውን አድርገው።

"ልጄ የሠራውን መኪናማ መጀመሪያ የምሳፈርበት እኔ ነኝ" አሉና ፊት ወንበር ላይ ገቡ።

ቀበቶውን አሰሩ።

"እማማ፣ እባክዎ ይውረዱ... ፍሬኑ ገና አላለቀም።"

"ልጄ አልቋል ካለ አልቋል።"

ሚስት ንድድ አለች። "መቼም የልጃቸው ጥፋት ታይቷቸው አያውቅ" አለች በሆዷ።

ሄዳ የጋራዡ በር መሃል ቆመች።

"እኔን ገጭተህ ካልሆነ አትወጣም።"

አማቷ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉ። "ልቀቂለት ልጄ... ይሂድ።"

ጆሮዋን ማመን አቃታት።

ባል ወደ እናቱ ዞረ።

"እማዬ... አንቺ ውረጂ። ሌላ ቀን እወስድሻለሁ።"

"ለምን?"

"ዝም ብለሽ ውረጂ።"

"አልቋል አላልክም?"

ፔዳሉን ረገጠ... ደገመ... ሰለሰ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

ሞተሩ ያጓራል።

ከዚያ ቁልፉን አዞረና አጠፋው።

ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ። ቀና ሲል ከኪሱ አንዲት ነገር አወጣ... የመዳብ ሮንዴላ። ሳንቲም የማታህል ቀለበት።

"ትናንት ስጨርስ ይቺ ተረፈችኝ" አለ። "የዘይቱ ቱቦ እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ ነው የምትገባው። የትኛው ጎማ ጋ እንደረሳኋት አላውቅም። ሁሉንም ልፍታ ብል ለዛሬ አይደርስም... እነሱ ደግሞ መሳቂያ ያደርጉኛል።"

ሚስት ከበሩ መሃል ወደ መኪናው ተጠጋች።

ጠዋቱን ሙሉ አልገባውም ብላ ስትከራከረው... እሱ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል።

"ለእኔ የፈራኸውን ለራስህ እንዴት አልፈራህም?" አሉት እናቱ።

ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

ሚስት አማቷን ደግፋ አወረደቻቸው።

"እማማ... ይዞዎት ቢወጣስ ኖሮ?"

"ስለ መኪና የማውቀው የለኝም ልጄ። እሱን ግን አውቀዋለሁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጮኸው ሲፈራ ነው። ሲጮህብሽ ከላይ ሰማሁት... ብሳፈር ይሻላል አልኩ። እኔን ይዞ ቁልቁለት አይወርድም።"

ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ጨመሩ። "አይወርድም ብዬ ነው እንግዲህ... አፌ ደርቆ ነበር።"

ባል ለጓደኞቹ ደወለ። "አልመጣም። ፍሬኑ ላይ ተሳስቻለሁ።"

ሲስቁ ይሰማል። እስኪጨርሱ ጠብቆ ዘጋው።

በማግስቱ የፍሬን ባለሙያ ጠርተው ጎማዎቹን አስፈቱ። በግራ ፊት በኩል የቱቦው መጋጠሚያ በዘይት ርሷል። ሁለት ሮንዴላ በሚገባበት ቦታ አንዷ ብቻ ናት።

"ሜዳ ላይ ትይዝልህ ነበር" አለው ባለሙያው። "ቁልቁለቱ ላይ ግን አንድ ሁለቴ አጥብቀህ ስትረግጥ ዘይቱ ይፈስና ፔዳሉ ወለል ይነካል።"

ሚስት ይሄን ስትሰማ ወደ አደባባዩ አየች... ከዚያ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ አማቷን አቀፈቻቸው።

ወዳጆቼ... ብዙ ጊዜ ገደል የሚከተን አለማወቅ አይደለም። አውቀን "ተሳስቻለሁ" ማለት ሲያሳፍረን ነው።

እናትህን በማታሳፍርበት መኪና አንተም አትሂድ።

እስቲ እናንተ... ውስጣችሁ እንደማይሆን እያወቀ "ምን ይሉኛል" ብላችሁ የገፋችሁበት ነገር ነበር? ያስቆማችሁስ ማን ነው? ከሥር ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።